በምግብ አዳራሽዎ ስለተሰቀለው አውራ ጣቴ

ነቀምቴ፣ ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ዋጋሪ ጨመዳ
የጮራ ሆቴል ባለቤት
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ አዲሱ ቆርቆሮዎ የሚያብረቀርቅ፣ እንቅልፍዎም ይህን ደብዳቤ እስኪያነቡ ድረስ የሰመረ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የሟች የአቶ ተረፋ ባለቤት ድርቤ ሞረዳ፣ ባለፈው እሑድ በታደሰው ሆቴልዎ ምሳ በልቼ ስለወጣሁ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሣሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ድምፄን ሰምተው አያውቁምና ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ።

፩ኛ. ግቢውን እጅግ አሳምረውታል። መንገደኛ በቅሎውን ያስርበት የነበረው ቦታ ፏፏቴ ሆኗል፤ በቤቱ የቀድሞ ባለቤት በወዳጄ በብርቄ ወፍጮ ድንጋይ ላይ አበባ በቅሏል። ያን ቤት ብርቄ ባሏ ከሞተባት በኋላ በገዛ እጇ ጭቃ መርጋ ያቆመችው መሆኑ፣ በሩ ላይ ባስጻፉት ታሪክ ውስጥ ያልተጠቀሰው በቦታ ጥበት እንደሆነ ይገባኛል፤ የእርስዎ ስም አራት ጊዜ መጻፍ ነበረበት።

፪ኛ. የአገራችንን ሥራ ሥር፣ አንጮቴ አዘዝኩ። በሰፊ ነጭ ሳህን ሦስት ስስ ቁራጭ፣ አንድ ቅጠል ተደግፎ መጣልኝ። ክራቫት ያሰረው አስተናጋጅዎ፣ «አዴ ድርቤ፣ ይኼ መጀመሪያ በዓይን ነው የሚበላው» ብሎ በትሕትና አስረዳኝ። ከብርቄ ገበታ የተነሣ ሰው ቀበቶውን ያላላ ነበር፤ ከእርስዎ ገበታ የተነሣ ያጠብቃል። ለቀበቷችን ስላሰቡ እናመሰግናለን።

፫ኛ. ከጥንታዊ ዕቃዎችዎ መካከል፣ ከበቅሎ ኮርቻው አጠገብ፣ ወርቅ በተቀባ ፍሬም አንድ አሮጌ ወረቀት ሰቅለዋል። መነጽሬን አድርጌ ቆሜ አነበብኩት። ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፩ ዓ.ም. ብርቄ በገዛ ፈቃዷ ቤቷን ለእርስዎ እንደሸጠች፣ እኔም ቆሜ እንዳየሁ ይናገራል።

የዚያን ቀን ብርቄ ከዚህ ርቃ ጉቴ ከተማ ታማ ተኝታ ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ ጸሐፊ ነበሩ፤ ወረቀቱ እስክትድን ድረስ ቤቱን በአደራ ለመጠበቅ ነው ብለው አነበቡልኝ፤ አንዴ ለዋናው፣ አንዴ ለግልባጩ ብለውም አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ቀለም አስነከሩት። ፊደል አላውቅም ነበር። ሆኖም፣ ግራዝማች፣ ሁሉን በእርስዎ ላይ አልጭንም። ሁለቱም ያረፉት በአንድ ወረቀት ላይ መሆኑን ዓይኔ አይቷል፤ ልቤ ጠርጥሯል፤ ስለድካሜ የሰጡኝን የሐር ሻሽ አስሬም ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ።

ብርቄ ድና ስትመለስ በገዛ በሯ ላይ ዘበኛ ቆሞ አገኘች። እኔ ዘንድ መጥታ፣ «ድርቤ፣ አንቺ እያለሽ?» አለችኝ። ቢላ ከተማ በሰው ጓሮ ሞተች። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል መልቀም የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

፬ኛ. ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት የጣት ምልክት አለ፤ አንዱ ከብርቄ ስም ሥር፣ አንዱ ከእኔ። በልጅነቴ ማጭድ አውራ ጣቴ ላይ የተወብኝ ጠባሳ ሁለቱንም አግድም ያቋርጣቸዋል። የብርቄ ልጅ ደራርቱ ስንት ዓመት የፈለገችውን ወረቀት እርስዎ ከሣጥን አውጥተው፣ አቧራውን ጠርገው፣ መስተዋት አልብሰው፣ መብራትም አብርተውበት በሕዝብ ፊት አቆሙላት። እንዲህ ያለ ጠበቃ በገንዘብ አይገኝም።

ትናንት ሐሙስ ከደራርቱ ጋር ዳኛ ፊት ቀርቤ፣ ሐሰት መመስከሬን በራሴ አፍ ተናግሬአለሁ። የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። እርስዎም እንግዳ ተቀባይ ነዎትና ብቻዬን እንደማይልኩኝ አምናለሁ።

በምድርም በሰማይም የሚገባዎትን ሁሉ ሳይጎድል እንዲያገኙ ሳላቋርጥ የምጸልይልዎ፣ የቀድሞ ምስክርዎ፣

ድርቤ ሞረዳ
(ዛሬ በብዕር የፈረምኩ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ደራርቱ፣
በገበያ ቀን ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ፍሬሙን ለማውረድ አይድከሙ። ለምርቃቱ የቀጠሩት ፎቶ አንሺ እሸቱ እሑድ ዕለት አውራ ጣቴን ከወረቀቱ ጎን አቁሜ አንሥቶኛል፤ ጠባሳው በጣቴም በሁለቱም ምልክቶች ላይ ጥርት ብሎ ወጥቷል። አንዱን ፎቶግራፍ ዳኛው ይዘውታል። ሌላውን ለእርስዎ አያይዣለሁ፤ ወረቀቱ ሲወሰድ ሚስማሩ ባዶውን እንዳይቀር እሱን ይስቀሉበት።