ሐዘንተኛ ወደ ጋርላንድ ትምጣ አሉ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13 ቀን 1988

ለመላው የፎርት ዎርዝ ሕዝብ! የግራ እግሬ ካልሲ ዛሬ ጠዋት ልብስ ማድረቂያው ውስጥ ገብቶ አለመውጣቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ቀኙ ብቻውን ቀርቷል። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ይበል።

ይህን ጽፌ ብቻዬን ስስቅ ስልክ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

የእድራችን ሊቀ መንበር ገዛኸኝ ነው፣ ከዳላስ ወዲያ ካለችው ከጋርላንድ። የወይዘሮ ተዋበች ወንድም ናዝሬት አርፏል። ተዋበች ከእኛ በላይ ያለው አፓርትመንት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ሆስፒታል ልብስ ታጥባለች። ከዚያ ወንድሟ ሌላ ሰው የላትም። እስካሁን አልሰማችም።

«እሁድ ማለዳ ቤቷ ሄደን እናረዳታለና» አልኩት።

«ጋሼ፣ አዲስ ደንብ አውጥተናል። ለቅሶ ሁሉ ጋርላንድ አዳራሽ ነው። እርስዎ በሆነ ሰበብ ይዘዋት ይምጡ፣ ሶ እዚሁ እንነግራታለን።»

ሐዘንተኛ ወደ ለቅሶ ደራሽ ተነድታ! በሰበብ! ምን ልበላት? ሠርግ ተጠርተናል ልበላት?

ማን ወሰነ ብዬ ጠየቅሁት። ኮሚቴው አለኝ። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ ሰባቱም የዳላስና የጋርላንድ። ከፎርት ዎርዝ አንድም የለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ንዴቱ አብሮኝ አደረ።

ተዋበች ምስር ወጥ ይዛልኝ ወረደች። ሌላ ቀን ቢሆን «ጨውን ከባሕር ነው የቀዳሽው?» ብዬ አበሽቃት ነበር። ዛሬ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። «አሞዎታል እንዴ?» አለችኝ። ጥርሴን አልኳት። ጥርስ ያለኝ ይመስል።

ልጄ ሰናይት ደግሞ «አባዬ፣ ለአንድ ኮሚቴ ይህን ያህል?» ትለኛለች። አዎ፣ ለአንድ ኮሚቴ! እዚህ ሳልመጣ ስምንት ዓመት ኢጣሊያ ውስጥ፣ ቴርኒ ከተማ ብረት ፋብሪካ ሠርቻለሁ። የኡምብሪያ ክልል ሁለት አውራጃ ነው፤ ትልቋ ፔሩጃ፣ ትንሿ ቴርኒ። የክልሉ ምክር ቤት ያለው ፔሩጃ ነው። ልክ እንደ ዳላስና እንደ እኛ። ዕረፍት ሲደርሰኝ አውቶቡስ ይዤ እየሄድኩ ከተመልካች ወንበር ላይ ሆኜ ሲጨቃጨቁ እሰማ ነበር። በነጻ እንደዚያ ያለ ቲያትር የት ይገኛል?

ሠላሳ ሰው ናቸው። ኮሚኒስቱም፣ ሶሻሊስቱም፣ ክርስቲያን ዴሞክራቱም ባገኘው ድምፅ ልክ ይቀመጣል። መሪያቸውን ከመሀላቸው ይመርጣሉ። አምስት ዓመት ሲሞላ እንደገና ምርጫ። ቴርኒ ትንሽ ናት ተብላ አልተዘለለችም፤ በሕዝቧ ልክ ወንበር አላት። ይህም በዋዛ አልተገኘም። ሕገ መንግሥታቸው በፈረንጅ 1948 ምክር ቤት ይኖራችኋል አላቸው፤ የመረጡት በ1970 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት! ባለፈው ዓመት ሕጉን እንደቀየሩት አንድ የፋብሪካ ጓደኛዬ ጽፎልኛል፤ አራት አምስተኛው እንደ ድሮው በየአውራጃው፣ አንድ አምስተኛው በክልል ደረጃ ይመረጣል። እሱም እየተራገመ ነው የጻፈው። ቢሆንም መረጠ። እኔ ማንን መረጥኩ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ቀኑን ሙሉ ስልክ። እድሩ ስልሳ አባል አለው፤ ሃያዎቹ ፎርት ዎርዝ ነን። በቴርኒ ሒሳብ ከሰባቱ ሁለት ወንበር የእኛ ነው። ቅንጥብጣቢውን ምሬያቸዋለሁ።

ገዛኸኝ ጋ መልሼ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጣሊያን አይደለም» አለኝ።

«ጣሊያን ቢሆንማ ወንበር ይኖረኝ ነበር!»

 ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ልንገርዎት፤ ባለፈው እናንተ ጋ ለቅሶ ስንደርስ የስድስት ሰው መኪና ቶው ተደረገ። ሰው ከናይት ሺፍት ወጥቶ እኮ ነው የሚመጣው» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ተጎትቷል። ይህ የባሰ አበገነኝ። ምክንያት ያለው ሰው ላይ መናደድ እንዴት ያደክማል!

ቅዳሜ ጋርላንድ የእድሩ ስብሰባ አለ፤ ለዚያ፦
ለእሁዱ ለቅሶ እዚህ መኪና ማቆሚያ መፈለግ።
ሰናይት ሺፍት ትቀይር፣ እሷ ናት የምትነዳኝ።
የፎርት ዎርዝ ሰው አንድም እንዳይቀር።
ሳልሳደብ መናገር (አጠራጣሪ)።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ድል! ከግቢያችን ጎን ያለው የጥርስ ሐኪም እሁድ ዝግ ነው፤ መኪና አቁሙበት ብሎ ፈቀደ። ድዴን አይቶ አዝኖልኝ ይሆናል።

ተዋበች ዛሬ ለወንድሟ የምትልከውን ሸሚዝ አሳየችኝ። «ይበቃዋል?» አለችኝ። ይበቃዋል አልኩ። ወደ ቤቴ ገብቼ በሩን በእርግጫ መታሁት። አውራ ጣቴ አብጧል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ጋርላንድ። ሃያ ነን ያልነው አሥራ አንድ ተገኘን። ማይክሮፎኑን ያዝኩና ኡምብሪያን ዘረገፍኩላቸው፤ ሠላሳውን ወንበር፣ ሃያ ሁለቱን ዓመት፣ ቴርኒን። ከኋላ አንዱ ሲያዛጋ አየሁ። ይሄኔ «ምክር ቤቱ እኮ አንዱን ሳምንት ፔሩጃ፣ አንዱን ሳምንት ቴርኒ ነው የሚሰበሰበው! ትልቁ ወደ ትንሹ ይሄዳል!» አልኩ። የሚያዛጋው ሰውዬ አፉን ገጠመ።

ከጋርላንድ አጠገብ ካለችው ከሳክሲ የመጣች አንዲት ሴት፣ በስም አላውቃትም፣ ብድግ አለች። «እኔ ምክር ቤት አላውቅም። ግን ያቺን ሴት መኪና ውስጥ አስገብታችሁ ስታመጧት መንገዱን ሁሉ እየሳቀች ብትመጣስ? እንዴት ነው ፊቷን የምናየው?»

እጅ ወጣ። ለቅሶ ሐዘንተኛው ቤት እንዲሆን ተወሰነ። የሁለቱ ወንበር ጉዳይ ግን «ይጠናል» ተባለ። ይጠናል! ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የጣሊያኖቹን ያህል መጠበቂያ የለኝም። ይህንኑ ጮኼ ነገርኳቸው። ስድብም ሳይጨመርበት አልቀረም።

እሁድ፣ ግንቦት 18

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሯን አንኳኳን። ከፍታ ስታየን፣ ያን ሁሉ ሰው፣ ጥቁር ለብሰን፣ ማንም ሳይነግራት ገባት። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ምንጣፏ ላይ ጮኸች። ሴቶቹ ያዟት። የማልቀሻ ቦታዋ ይሄ ነበር።

ገዛኸኝ ከሁሉ ቀድሞ ነው የደረሰው። ወንበር ከመኪናው እያወረደ ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። የኮሚቴውን ሁለት ወንበር ጉዳይ ራሴ አቀርበዋለሁ። ደግሞ ያ አንድ ሳምንት እዚህ አንድ ሳምንት እዚያ የሚለው የጣሊያኖች ደንብ ልቤን ነክቶታል። ይጻፉልኝ፣ ቃል በቃል ደንባችን ውስጥ እናስገባው።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

እዚህ ደብተር ላይ ግን እውነቱ ይጻፍ። ሠላሳው ወንበር እውነት ነው። 1970ም እውነት ነው። የቴርኒ ወንበሮችም እውነት ናቸው። በየሳምንቱ ቦታ መቀያየሩን ግን እዚያው ማይክሮፎን ይዤ፣ ሰውየው ሲያዛጋ ተናድጄ የፈጠርኩት ነው። ከሠልስቱ በኋላ ልንገረው ይሆን? ወይስ ልጻፍለት?