ዛሬ ከኋላዎ አልቆምም

ጋሽ ወንዳፍራሽ፣

ኢስት ፖይንት ባለው ሥራዬ የጠዋት ሺፍት ስላለኝ ቀድሜዎት ወጥቻለሁ። ኖርክሮስ ያለው አዲሱ ሥራዎ በመጀመሪያው ቀን አርፍዶ የመጣን ሰው ለሁለተኛ ቀን አይጠራም። ስለዚህ ከደጃችን ድራይቭዌይ ወደ መንገዱ በኋላ ማርሽ ብቻዎን ይወጣሉ። ክላክስ ቢያደርጉም የሚመጣ ሰው የለም።

የመኪናዎ የኋላ ካሜራ ላይ የለጠፉትን ፕላስተር ልጬዋለሁ። ቅዳሜን ሙሉ መሬት ላይ ተኝቼ ገመድ የሳብኩት መኪናውን ላስጌጥልዎ አልነበረም።

የኋላ ማርሽ ሲያስገቡ ስክሪኑ ላይ ከኋላዎ ያለው ሁሉ ይታያል። ቀዩ መስመር አንድ ነገር ሲነካ ፍሬን ይያዙ።
ይኸው ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለውም ሰው ይገባዋል።

«ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ስነዳ ያለ ረዳት ወደ ኋላ ሄጄ አላውቅም» ይላሉ። ሰምተናል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ሰምቷል። ይህ ግን ኮሮላ ነው። እኔም በነጠላ ጫማ ወጥቼ «ይምጡ፣ ይምጡ፣ ወደ ግራ ይስበሩ» እያልኩ ስጮህ ስምንት ወር ሞላኝ። ረዳት እንኳ በዓል ሲሆን ያርፋል።

አንድ ነገር ቀረኝ።
መንገድ ዳር የቆመውን የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን የገጩ ቀን «ይምጡ፣ ሰፊ ነው» ስልዎት ስልኬን እያየሁ ነበር። እርስዎ ባልኩዎት መንገድ ነው የመጡት። ከዚያ በኋላ «ጋሼ ማየት አቅቷቸዋል» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ እርስዎም አምነውኝ መነጽር ሊገዙ ሄዱ።

ለጎረቤታችን ትናንት እውነቱን ነግሬያታለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች እሑድ እነግራለሁ።

ዓይንዎ ደህና ነው። ቀስ ብለው ይውጡ።

ኤልቃና