ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ስለሰጠሁት የአራት ዶላር ምራቂ

ፍሩትቬል፣ ኦክላንድ
ኦክቶበር 28፣ 2013

ለተከበሩ የስቴታችን የሽያጭ ታክስ መሥሪያ ቤት የኦንላይን ነጋዴዎች ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በስድስት ወር ውስጥ ፊርማዎ ያረፈባቸው ሰባት ደብዳቤዎች ስለደረሱኝ ቀኝ እጅዎ ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ የቀረው አካልዎም እንደ እጅዎ እንዲበረታ ምኞቴ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ በእርስዎ መዝገብ ላይ ግን ደንበኞቿን የምታጭበረብር ነጋዴ ሆኜ ተጽፌያለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልኬ ዝም ማለት ስችል በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ ያወጣሁትም ደንበኞቼ አብረው እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ሀረገወይን ማንደፍሮ እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች የማስመጣውን የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ከአፓርታማዬ ሆኜ በኢንተርኔት እሸጣለሁ፤ ዌብሳይቱን የሠራችልኝ ልጄ ሩሓማ ናት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት በነፃ ስላስቀጠሉልኝ አመሰግናለሁ። በላኩልኝ መመሪያዎች እየተመራሁ፣ አንድ ቀሚስ ኦክላንድ ሲሸጥና ሳን ሆዜ ሲደርስ ታክሱ እንደሚለያይ፣ ኔቫዳ ሲሄድ ደግሞ ለእርስዎ የሚከፈል ምንም እንደሌለ ተምሬያለሁ። የፖስታ ዋጋ ለብቻው ከተጻፈ ታክስ የለውም፤ ማሸጊያ ብዬ የማስከፍለው ግን አለው። ፖስተኛው ሲያደርሰው ነፃ የነበረው መላኪያ፣ እኔው በአሮጌዋ ካምሪዬ ወስጄ በር ሳንኳኳ ታክስ ይወጣለታል። ይህን ሁሉ በሦስት ወር አጥንቼ፣ የመጀመሪያውን የሩብ ዓመት ሂሳቤን ያለ አንድ ስህተት እንደሠራሁ የእርስዎው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መስክሮልኛል። ጥፋቴ ሂሳቡ ላይ አልነበረም።

2. ጥፋቴ ምራቂው ነው። በእኛ ዘንድ ነጋዴ የተሸጠውን ዕቃ ብቻ ጠቅልሎ አይሰጥም፤ ከላዩ ትንሽ ነገር ይጨምራል፣ ያም ምራቂ ይባላል። እኔ በእያንዳንዱ ቀሚስ ላይ አንድ ሻሽ እጨምራለሁ። ከፍትፍቱ ፊቱ እንደሚባለው፣ ደንበኛን የሚመልሰው ቀሚሱ ሳይሆን ሻሹ ነው። ምራቂ የማይሰጥ ነጋዴ ደንበኛውን «ሁለተኛ እንዳትመጣ» ብሎታል ማለት ነው። ሂሳብን ቁርጥ አድርጎ መዝጋትም ከተጣሉት ሰው ጋር ሲለያዩ የሚደረግ ነው።

እንግዲህ በኤፕሪል የመጀመሪያ ታክሴ 186 ዶላር ሆነ። በዚህ አገር ከሰው ቤት ጽዳት ተነስቼ በራሴ ስም ለመንግሥት ታክስ የምከፍል ነጋዴ በመሆኔ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ቼኩን 190 ብዬ ጻፍኩት። በትንሽ ወረቀትም «አራቱ ዶላር በፈቃዴ የተጨመረ ነው» የሚል ማስታወሻ አያያዝኩ። ከመንግሥት ጋር ወዳጅነት የጀመርኩ መስሎኝ ነበር።

3. ወዳጅነቱ በደብዳቤ ቀጠለ። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ አራቱ ዶላር ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ፤ ከቦርሳዬ ብዬ መለስኩ። ሁለተኛው፣ ነጋዴ ከሚገባው በላይ የሰበሰበውን ታክስ ለገዢው መመለስ እንዳለበት አስረዳኝና የተበደለውን ገዢ ስም እንድልክ አዘዘኝ። የተበደለ ገዢ የለም ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው የሁለተኛው ግልባጭ ነበር። ሩሓማ «ማሚ፣ ፎር ዶላር እኮ ነው፤ ጀስት ሚስቴክ ነው በያቸው» አለችኝ። ቆጥሬ የሰጠሁትን እንዴት ስህተት ነው እላለሁ ብዬ ብዙ አንገራገርኩ፤ በመጨረሻ ተሸንፌ ደወልን። አርባ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ ከሰማን በኋላ ያነጋገረን ትሑት ሠራተኛ ግን፣ በእጄ የጻፍኩት «በፈቃዴ» የሚለው ማስታወሻ ከፋይሉ ጋር ስለተያያዘ አሁን ስህተት ነው ማለት እንደማልችል ነገረን። ልጄ ጨንቋት ምራቂን «እንደ ቲፕ ነው» ብላ ብታስረዳውም፣ ስቴቱ ቲፕ አይቀበልም አላት። የምራቂ ማስታወሻዬን እንደ ምስክር ወረቀት በዚህ ያህል ጥንቃቄ ስላስቀመጡልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

4. የተበደለ ገዢ ስም ስላልላክኩ በኦገስት የመሸጫ ፈቃዴን አገዱ። ቀኑን የመረጡት ሆን ብለው እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ሆኖም የሳን ሆዜዋ ደንበኛዬ ወይዘሮ ትርንጎ ለልጇ መልስ ያዘዘቻቸው አሥራ ሁለት ቀሚሶች፣ በአንድ ዓይነት ጥለት በየሚዜዋ ልክ ተሰፍተው፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ ተሰቅለው ነበር። ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። በታገደ ፈቃድ መሸጥ ወንጀል መሆኑን ደብዳቤዎ በደማቅ ፊደል ነግሮኛል። ሙሽራን ባዶ እጅ ማስቀረት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የሚነግርዎ መመሪያ ግን የለዎትም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ቅጽ ነበር፤ «ከሚገባው በላይ ታክስ የሰበሰብኩበት ገዢ» ከሚል መስመር ሥር የስም ቦታ፣ ከዚያ የፊርማ ቦታ። እውነት የሚጻፍበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ፈረምኩ፤ ቅጹ ለገዢው እንዲመለስ ያዘዘውንም ሌላ የአራት ዶላር ቼክ አያያዝኩ። የጻፍኩት የወይዘሮ ትርንጎን ስም ነው፤ ከደንበኞቼ ሁሉ ብትቆጣኝም አትከሰኝም ብዬ የምተማመንባት እሷ ናት። ፈቃዴ በሦስተኛው ቀን ተመለሰልኝ። እውነት ስጽፍልዎ አራት ወር፣ ውሸት ስጽፍልዎ ሦስት ቀን ፈጀብዎ፤ ስለ ቅልጥፍናዎ ከወንበሬ ተነስቼ አመሰግንዎታለሁ።

5. ቀሚሶቹን በካምሪዬ አደረስኩ፣ የመላኪያውንም ታክስ በሳን ሆዜ ተመን አስልቼ ከፈልኩ። ሠርጉ አማረ። ከሠርጉ በኋላ ግን መሥሪያ ቤትዎ ለወይዘሮ ትርንጎ፣ ነጋዴዋ ያለአግባብ እንዳስከፈለቻት የሚገልጽ ደብዳቤ ከእኔው የአራት ዶላር ቼክ ጋር ላከላት። ወዲያው ደወለችልኝ፦ «ሀረግዬ፣ ገቨርንመንቱ አንቺን ሌባ ነው ያለው ወይስ እኔን ሂሳብ የማትችል?»

አፍሬ ነበር። እሷ ይቅር ብትለኝም፣ ደብዳቤውን ከማንበቧ በፊት የከፈተው ባሏ ነበርና ወሬው ቀድሞኝ አጠገባቸው ባለችው ኩፐርቲኖ ከተማ ደንበኞቼ ዘንድ ደረሰ፤ ከዚያ ሁለት ትእዛዝ ተሰረዘብኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እኔ ገና በሕይወት እያለሁ ነው ስሜን በፊርማዬ የሸጥኩት፣ እሱንም ያለ ደረሰኝ።

ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ ፊት እናገራለሁ፦ ከማንም ደንበኛ አንዲት ሳንቲም አላግባብ አልወሰድኩም፤ ወሰድኩ ብዬ የፈረምኩት ለአሥራ ሁለት ቀሚስ ስል ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዝገቡን ያርሙልኝ። ዋናዎቹን አራት ዶላሮች አልጠይቅም። ባለፈው ሳምንት እንደነገሩኝ አሁንም «በመጣራት ላይ» ናቸውና፣ ሲጣሩ ማንነታቸው ይታወቅ ይሆናል።

ወይዘሮ ትርንጎ ቼኩን አልመነዘረችውም። በፖስታ መልሳ ላከችልኝ፣ ከአንዲት የአንድ ዶላር ኖት ጋር። ኖቷ ላይ በተያያዘ ትንሽ ወረቀት «ምራቂ» ተብሎ ተጽፏል። ስንት ሰነድ ከእርስዎ ጋር እንደተለዋወጥን ሳስበው፣ በዚህ ጉዳይ እስካሁን ያነበብኩት ትክክለኛ ውሳኔ ይህ ብቻ ነው።

ለእርስዎም፣ ለቀኝ እጅዎም፣ ለፊርማዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለመንግሥት ታክሷን፣ ለደንበኛ ሻሿን አጉድላ የማታውቀው ታዛዥዎ፣

ሀረገወይን ማንደፍሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ሩብ ዓመት ታክስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ሂሳቡ 203 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው፤ ቼኩም 203 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። ምንም አልጨመርኩበትም። ይህ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ተራ ቁጥር 2 ላይ ተጽፏል።