በሕፃናት ማቆያችን በር ላይ ስለለጠፉልን ዋጋ

ሚያዝያ 21 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጦና ሶርሳ
የወይራ ሥር ቀበሌ የሕፃናት ጉዳይ ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

የተከበሩ አቶ ጦና፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ስብሰባ ሲበዛ ለወገብ እንደማይስማማ ስለማውቅ ወገብዎን፣ ማይክሮፎን ሲበዛ ለጉሮሮ እንደማይበጅ ስለማውቅ ጉሮሮዎን እግዚአብሔር በጤና እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ ቁርጥማትና ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት ከሚመጡልኝ ደብዳቤዎች በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ጽሑፍ በገበያው ሰሌዳ ላይ የሚያነቡ ሰዎች ላያውቁኝ ስለሚችሉ፣ ሽታዬ ዱባለ እባላለሁ። አረካ በሚገኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን አጸደ ሕፃናት ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ ወደ ሶዶ ተመልሼ፣ ሟች ባለቤቴ በተወልኝ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ የሕፃናት ማቆያ የከፈትኩ ሴት ነኝ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከሻንቶና ከየገጠሩ ቦዬ የሚባለውን የሚበላ ሥር፣ ቆጮና ቅቤ ተሸክመው የሚመጡ እናቶች ልጃቸውን አዝለው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከሚውሉ፣ ለእኔ ይስጡኝ፤ ሸጠው ሲመለሱ ይውሰዱ። ዋጋውም በገበያ ቀን ሁለት ብር፣ የሌላት ደግሞ አንድ ቦዬ። የሠራሁት ስህተት አንድ ብቻ ነው፤ ፈቃድ ለማውጣት ወደ እርስዎ ቢሮ መጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተደረገልኝ ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. እናቶችን ለመሳብ ስላዘጋጁልኝ ማስታወቂያ።

እኔ የጻፍኩት በወላይትኛ ሁለት መስመር ነበር፤ ልጅሽን ለእኔ ተዪልኝ፣ ገበያሽን ጨርሰሽ መጥተሽ ውሰጂ ይላል። እርስዎ ግን ጽሑፉ ደረጃውን ያልጠበቀ መሆኑን በትዕግሥት አስረድተውኝ፣ «የተቀናጀ የቅድመ መደበኛ ዕድሜ ሕፃናት የቀን ክብካቤና የእናቶች ተጠቃሚነት ማረጋገጫ አገልግሎት» ብለው በአማርኛ አርቅቀው፣ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስጭነው ሁለት ቀን ሙሉ ገበያውን አስዞሩልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት ሠላሳ አንድ እናቶች ተሰልፈው አገኘሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ከፊት የቆመችው እናት የልጇን ክንድ ገልጣ የክትባት ካርድ እስክትዘረጋልኝ ድረስ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የገቧቸው «ሕፃናት» እና «እናቶች» የሚሉት ሁለት ቃላት ብቻ ስለነበሩ፣ ኩፍኝ ገብቷል ብለው ነው የመጡት። መርፌ እንደሌለኝ ስነግራቸው አንዷ «ታዲያ ምን ልታደርጊን ጠራሽን?» ብላ ተቆጥታ፣ ሠላሳ አንዱም ወደ መጡበት ተመለሱ።

በሩብ ዓመቱ ሪፖርትዎ ላይ «በተደረገው ሰፊ ንቅናቄ 31 ሕፃናት ተመዝግበዋል» ተብሎ መጻፉን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በቤቴ አንድም ቀን ያልዋሉ ሠላሳ አንድ ልጆች በወረቀትዎ ላይ ያለ ልቅሶና ያለ ዳይፐር በሰላም ማደጋቸው ትልቅ እፎይታ ሰጥቶኛል።

2ኛ. ስለ ዋጋው።

ሁለት ብር የሚለውን ሲሰሙ ሳቁ። «ወይዘሮ ሽታዬ፣ ሰው የረከሰ ነገር ይንቃል፤ ሲወደድ ነው የሚሻማበት» አሉኝ። ይህን ጥበብ በማግስቱ ገበያ ወርጄ ለቦዬ ሻጮቹ ባካፍላቸው፣ አሥር ዓመት ሲነግዱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ለማንኛውም ዋጋው በጥናት እንዲወሰን ሰባት ወንዶች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም ለልምድ ልውውጥ ሐዋሳ ሄዶ ሦስት ቀን ሰነበተ። የጎበኙት ማቆያ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግቢው ሣር፣ ዥዋዥዌውም ከውጭ አገር የመጣ እንደነበር ሲመለሱ በአድናቆት አጫወቱኝ። መኪናው ጠቧቸው ይሆናል፣ ሴራሚኩንና ዥዋዥዌውን እዚያው ትተው ዋጋውን ብቻ ይዘውልኝ መጡ።

በወር መቶ ሰማንያ ብር። መመዝገቢያ ስድሳ። የአባት የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፣ የደንብ ልብስ፣ ሁለቱም ጆሮዎች የሚታዩበት ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ። አንገቷን ገና ያላጸናች ሕፃን ፎቶ ቤት ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ሲለመን ማየት ለእርስዎ ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ አልጠራጠርም። ወረቀቱ ማህተም ተመትቶበት በበሬ ላይ ተለጠፈ፤ በሁለት ወር ውስጥም ሁለት ልጆች አገኘሁ። ሁለቱም የአንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት መንታዎች ሲሆኑ፣ አባታቸው ሁለት ስለሆኑ ቅናሽ ይደረግልኝ ብሎ በየሳምንቱ ይመላለስ ነበር።

3ኛ. ስለ መሲ።

እዚህ ላይ ቢቻል መቀለዱን ትንሽ አቆማለሁ።

ንግሥቲ የምትባል የሻንቶ ቅቤ ነጋዴ አለች። ባሏ ለሸንኮራ ቆረጣ አዋሽ ከሄደ ዓመት አልፎታል። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላትን መሲን አዝላ፣ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ተሸክማ በሬ ላይ ቆመች። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። ጨርሼ ስመለከታት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነበር።

«ቲቸር፣» አለችኝ፣ «ይሄ ገንዘብ ልጄን ልትይዥልኝ ነው ወይስ ልትሸጭልኝ?»

ተዪያት፣ ግድ የለም ማለት እችል ነበር። ያ ማህተም ግን ከራሴ በላይ ሆኖ ያየኛል፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁና መለስኳት። አቶ ጦና፣ የዚያ ቀኑን ጥፋት ሙሉ በሙሉ ለእርስዎ ባስረክብ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ግማሹ የእኔ ነው።

ስምንት ሰዓት ገደማ ከቅቤ ተራ ጩኸት ተሰማ። ንግሥቲ ቅቤ ስትመዝን መሲን ከጎኗ አስቀምጣት ኖሮ፣ ዞር ስትል የለችም። ገበያው ተገለባበጠ። መንታዎቹን ለጎረቤት ሰጥቼ በዚህ ጉልበቴ በእህል ተራው፣ በሸክላ ተራው፣ በፍየል ተራው እየሮጥኩ ስሟን ጠራሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈለግናት። በመጨረሻ በቆሎ ጭኖ ሊነሳ ሞተሩን ያስነሳ አንድ አይሱዙ አጠገብ፣ ከእግሩ የወለቀ ጫማውን ለማንሳት ያጎነበሰ ወዛደር በኋላ ጎማዎቹ መካከል አንዲት ትንሽ እግር አየ። እየጮኸ በመዳፉ መኪናውን መታ። መሲ ጥላ ፈልጋ እዚያ ገብታ፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ንግሥቲ ልጇን ስትቀበል አላለቀሰችም። መሬት ላይ ተቀምጣ የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ከዚያ የእጇን፤ ከዚያ እንደገና የእግሯን። ቅቤው በሰው እግር ተረጋግጦ አፈር ሆኗል። ዘወር ብላም አላየችው።

ሰኞ ጠዋት ይህንኑ ላስረዳዎ ቢሮዎ መጣሁ። በጥሞና አዳምጠውኝ፣ ራስዎን ነቅንቀው፣ «ለዚህ እኮ ነው እናቶች ላይ የግንዛቤ ሥራ መሠራት ያለበት» አሉኝ። ስለ ቅን ፍርድዎ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ ንግሥቲ ልጅ ጎማ ሥር መተኛት እንደሌለበት ሥልጠና አልወሰደችም ነበር።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጥም፤ ምክንያቱም የራሴ ሥራ ነው። ከቢሮዎ እንደወጣሁ ወረቀትዎን ከበሬ ላይ ገነጠልኩ። እሑድ ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ለቆሙት ሴቶች፣ ገበያ ውስጥም ለተቀሩት፣ በሚገባቸው ቋንቋ ተናገርኩ፤ ሁለት ብር፣ የሌላት አንድ ቦዬ። ባጃጅ አልተከራየሁም። በቀጣዩ ቅዳሜ አሥራ አንድ ልጆች መጡ፤ በሦስተኛው አሥራ ሰባት። ለዳግም ንግድ የሚሆን ቅቤ ያልነበራት ንግሥቲም መሲን ይዛ መጥታ ረዳቴ ሆነች፤ በልጅ አያያዝ ከሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ የምትሻል ሆና አገኘኋት።

እርስዎም በአንድ ሐሙስ ከሁለት ሚሊሻ ጋር መጥተው «ከጸደቀው ታሪፍ በታች በማስከፈል ገበያ በማዛባት» ብለው ቤቴን አሸጉት። ዋጋ በመቆለሉ ሱቁ የታሸገበት ነጋዴ ብዙ አይቻለሁ፤ ልጅ በርካሽ በማቀፍ የታሸገባት ግን ምናልባት እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። ለክብሩ አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው በታሸገው በር ፊት ቆሙ። ማንም ያሴረ የለም፤ ይህን በመሐላ አረጋግጥልዎታለሁ። ንግሥቲ ብቻ ማህተሙን በጣቷ ነክታ «ይሄ የማነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የማን እንደሆነ ነገርኳት። «ታዲያ ባለቤቱ ጋ እንውሰዳቸው» አለች። ቅዳሜም ቢሆን ለግምገማ ቢሮ እንደሚገቡ አገር ያውቃል። አሥራ ሰባቱም እናቶች ተራ በተራ ገብተው፣ ልጆቻቸውን በወንበሮችዎና በምንጣፍዎ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት ሁለት ብራቸውን ጠረጴዛዎ ላይ አኑረው፣ «እስከ አሥር ሰዓት» ብለው ወደ ገበያቸው ሄዱ። እኔና ንግሥቲ ግን ልጆቹን ብቻቸውን መተው ስላልሆነልን ጥግ ይዘን ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ብጽፍ ክብርዎን የምነካ ስለሚመስለኝ አሳጥረዋለሁ። አንዱ የአምስት ዓመቱን ዕቅድ አረጠበው። አንዷ ማህተምዎን አግኝታ ግንባሯ ላይ መታች። መሲ ክራቫትዎን ይዛ አልለቅም ስትል፣ ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩና «ወይዘሮ ሽታዬ፣ እባክዎ ይያዙልኝ» አሉ። ጉርድ ፎቶግራፍ አምጥታ እንደሆነ መጠየቄ ድፍረት ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ያኔ ሌላም ነገር አይቻለሁ። መሲ ማልቀስ ስትጀምር ሳያውቁት አነሷትና ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። ምን ዓይነት ሰው መሆን እንደሚችሉ ያየሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ አልቆየም እንጂ።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ ምላጭ ይዘው ከእኛ ጋር በእግርዎ መጥተው፣ እሽጉን በገዛ እጅዎ ቆረጡት። «እስከ ተጨማሪ ውሳኔ ድረስ ሥሩ» አሉን። እነሆ እየሠራን ነው። ዛሬ በገበያ ቀን ሠላሳ ስድስት ልጆች አሉን፤ የሚተነፍሱ፣ አፍንጫቸው የሚፈስ፣ በስም የምንጠራቸው። ጭንቀቴ ግን ያ ፈቃድ በቃል የተሰጠ መሆኑ ነው። ቃል ደግሞ፣ እርስዎ ራስዎ እንደሚሉት፣ ፋይል ውስጥ አይገባም። ሌላ ኃላፊ ሲመጣ ወይም እርስዎ ሌላ ሐዋሳ ሲያዩ፣ እነዚህ ልጆች ተመልሰው ወደ መኪና ሥር እንዳይሄዱ፣ ዋጋችን እናቶቹ የሚችሉት እንዲሆን የሚፈቅድ አንድ ወረቀት እንዲጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ረጅም መሆን የለበትም። ሁለት መስመር ይበቃል።

ስለ ሰፊው ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጠባቡ ጊዜዎ፣ ስለ ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ድካምና ስለ ሐዋሳ አየር በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ ይመችዎ፣ በርዎም ለባለጉዳይ ክፍት ይሁን እላለሁ።

በማይነጥፍ አክብሮት፣
ሽታዬ ዱባለ
የሠላሳ ስድስት ልጆች ሞግዚት

ግልባጭ፦ ለገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በወላይትኛ በቃል ይነበባል።

ማሳሰቢያ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሩት ልጅዎን ባርኮትን ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ወደ ሥራ ሲሄዱ ለእኛ ይተዋሉ። እስካሁን ያልነገርንዎት በእሳቸው ልመና ነበር፤ አሁን እንድጽፍልዎ የፈቀዱልኝም ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ባርኮት ከግድግዳው እጇን አላቀቀች፤ ሦስት እርምጃ ተራመደችና ንግሥቲ እቅፍ ውስጥ ወደቀች። እንዲሰሙ ብለን ወዲያውኑ ደወልንልዎ፤ ስለ ሕፃናት ዕድገት ስብሰባ ላይ ነኝ ብለው ዘጉት። አራተኛውን እርምጃ ማየት ከፈለጉ፣ ልጅዎ እኛ ጋ ናት።