እንባ በብድር

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ ተመለስኩ። ነፋሱ ዛሬም አላረፈም... ያሰጣሁትን አንሶላ አቧራ አልብሶ ጠበቀኝ። ናዝሬት ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን ሊሞላ ነው። ከአቧራው በቀር ቤቴ ድረስ የመጣ እንግዳ የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ባለቤቴ አብተው ይህን ደብተር ያመጣልኝ ለቤት ወጪ መጻፊያ ብሎ ነበር። ምን ወጪ አለ? የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲያመጣ ተሰልፈን እንገዛለን፣ ሳያመጣ እንቀመጣለን። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ። ስለዚህ ወሬዬን እጽፍበታለሁ።

ከሰዓት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የልጄን የጽጌን ነገር ሊጨርሱ። ወጡ ጨው በዝቶበታል መሰለኝ።

ጥቅምት 10

ተጨረሰ። ጥር አሥራ ሰባት ልጄ ትዳራለች። ገብረኪዳን ደኅና ልጅ ነው፣ ሞጆ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ሰው ፊት ቀና ብሎ አያይም። ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ግን...

የልጁ አጎት፣ አቶ ተክለሃይማኖት። ሞጆ ግማሹ ዘመዳቸው ነው ይባላል። ጠላውን ጨለጥ አደረጉና፣ "እናንተ ለአገሩ እንግዳ ናችሁ" አሉ። "ወገናችሁ ሩቅ ነው። አታስቡ፣ ዳሱ ባዶ እንዳይሆንባችሁ ከኛ ሰው እናበድራችኋለን።"

ክፋት የላቸውም፣ ለማገዝ ብለው ነው። አብተው ሳቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ ድስት ከድስት አጋጨሁ። ልጄን በተውሶ ሰው ልዳር? ከደብረ ታቦርስ ማን ይመጣል? መንገዱ፣ የይለፍ ወረቀቱ... እናቴም ብትኖር ኖሮ። ለእናቴ እንኳ እኔ አልደረስኩም። መርዶው ሲመጣ፣ ወረቀቱን ሳስፈርም፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አገሬ ስገባ ድንኳኑ ፈርሶ ነበር።

ጥቅምት 13

ለጉዲቱ ነገርኳት። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያረጀች፣ ምላሷ ማንንም አይምር።

"አንቺስ የማን ቤት ሄደሽ ነው የሚመጡልሽ?" አለችኝ።

የአጥሩን እንጨት መላጥ ያዝኩ።

"ብድር በምድር ነው፣ ጥሩነሽ። ሂጂላቸው፣ ይመጡልሻል።"

"ማን ጠርቶኝ ልሂድ?"

"ለሠርግ ነው የሚጠራው። ለለቅሶ ማን ይጠራል? ጡሩምባውን ሰምቶ መነሣት ነው።"

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ለለቅሶ ማን ይጠራል... እውነቷን እኮ ነው።

ጥቅምት 19

ጀመርኩ። ጧት ጡሩምባ ተነፋ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሰው ተከትዬ ሄድኩ። ድንኳኑ ደጃፍ ስደርስ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ብዬ ገባሁ። ሰዉ ቀና ቀና ብሎ አየኝ። ጉዲቱ በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ "አሮጊት ናቸው" አለችኝ። እንዴት ልወቅ? ወዲያው "እናቴን" ብዬ አቃናሁት። ንፍሮ ቀምሼ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ መጣሁ።

ደግሞ ንፍሯቸው ይጣፍጣል።

ጥቅምት 27

ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ግን ካልጻፍኩት ውስጤ ይብላላል።

አቶ መርዳሳ የሚባሉ የጋሪ ባለቤት ወንድማቸው ሞተ። ጉዲቱ "እነዚህ በኦሮምኛ ነው የሚያጽናኑት" ብላ ሁለት ነገር አስጠናችኝ። አንዱ ለለቅሶ፣ "ረቢ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ"፣ እግዜር ያጽናችሁ ማለት ነው። ሌላው ለሠርግ፣ "ባጋ ገመዳን"፣ እንኳን ደስ አላችሁ። "ሁለቱንም ያዢ፣ አንድ ቀን ሠርግም ይጠሩሽ ይሆናል" አለችኝ። ምን አለ አንዱን ብቻ ብታስጠናኝ?

መንገዱን ሙሉ እያነበነብኩ ሄድኩ። ነፋሱ አፌን ሞላው። ድንኳኑ ውስጥ አቶ መርዳሳ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፣ ትልቅ ሰው፣ ዓይናቸው ቀልቷል። እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሙሉ ድምፄ...

"ባጋ ገመዳን።"

አንድ ልጅ ሳቁን በጋቢ አፈነ። አቶ መርዳሳ ቀና ብለው አዩኝና "ተቀመጪ እህቴ" ብቻ አሉኝ፣ በአማርኛ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ጉዲቱ እስከ ቤት ድረስ አጥር እየተደገፈች ሳቀች።

ኅዳር 4

ዛሬ ሁለት ለቅሶ። እግሬ አብጧል። ግን አንዲት ሴትዮ ገበያ ውስጥ ከሩቅ አይታኝ "እንደምን ዋልሽ?" አለችኝ። ስሜን አታውቅም፣ ፊቴን አወቀችው። ነገሩ ይዟል።

ኅዳር 12

አብተው "ጓድ አልቃሽ" ይለኛል። "የኔ ሚስት ነሽ ወይስ የእድሩ?" እያለ። ይሳቅ። ጥር ላይ ዳሱ ሲሞላ ማን እንደሚስቅ እናያለን። ጽጌ ግን፣ "እማዬ፣ ለሰው የምታለቅሺው እንዲመጣልሽ ነው?" አለችኝ። ሽንኩርቱን ላኪልኝ አልኳት።

ኅዳር 21

ወንጂ ሄጄ መጣሁ። ጉዲቱ የምታውቃት ሴት እዚያ ሸንኮራ ቆራጭ ናት፣ ዲንቄ ትባላለች፣ ባሏ ሞተባት። ከሩቅ አገር ለሥራ የመጡ ናቸው። ሸራ ተወጥሯል፣ ከሥሩ አሥር ሰው አይሞላም። ሌላው ሥራ ላይ ነው፣ ፋብሪካው ለሞተ አይቆም።

መንገድ ላይ እያሰብኩ ነበር፣ ይህቺ ደግሞ ምን ልትመልስልኝ ትችላለች? ከወንጂ ሠርጌ ድረስ በምን ትመጣለች? ስገባ ዲንቄ ብቻዋን ሰሌን ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። አጠገቧ የሚያስለቅሳት ሰው የለም። እጄን ሰጠኋት... ከዚያ ምን እንደመጣብኝ አላውቅም። እናቴ መጣችብኝ። የፈረሰው ድንኳን፣ የቀሩት ካስማዎች። እዬዬ ብዬ አለቀስኩ፣ የምር፣ ማንም ባያየኝም የማለቅሰውን። እሷም ተያያዘችው። እስኪመሽ አብሬያት ቆየሁ፣ የመጨረሻው መኪና ሊያመልጠኝ ነበር።

ያላለቀስኩት ለቅሶ ነበረኝ ለካ።

ታኅሣሥ 8

ጉድ ሆንኩ።

እራት ላይ አብተው ወረቀት አውጥቶ "በይ፣ ማን ማንን እንጥራ?" አለኝ። በኩራት ጀመርኩ፣ የአቶ መርዳሳን ቤት፣ የገበያዋን ሴትዮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉትን... እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ፦

"ጥሩዬ፣ እነዚህ ሁሉ ሐዘን ላይ አይደሉም እንዴ?"

"ናቸው።"

"ታዲያ ዓመት ሳይሞላው ማን ሐዘንተኛ ሠርግ ቤት ገብቶ እልል ይላል? መጥራቱስ ነውር አይደለም?"

ያነሣሁትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። ይህን ሁሉ ጊዜ... እልልታ ልሰበስብ ሄጄ እልል የማይል ሰው መርጬ ስሰበስብ ኖሬአለሁ! አብተው ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን አይቶ ተወው።

ታኅሣሥ 9

አንዳቸውንም አልጠራም። በቁስላቸው ላይ የጥሪ ወረቀት ይዤ አልሄድም። ያለቀስኩት አለቀስኩ።

ጥር 4

ደግሞ ሌላ። የአብተው መሥሪያ ቤት ሰው በሙሉ በሠርጉ እሑድ ጥጥ ለቀማ ዘመቻ ይወጣል። የእኛን ወገን የሚሞሉት እነሱ ነበሩ። አብተው በልጁ ሠርግ ተፈቅዶለታል። ጓዶቹ "ጥጥ እናመጣልሃለን" አሉት።

አቶ ተክለሃይማኖት እንደገና ልከውብናል፣ "ሰው ስንት ይበቃችኋል?"

ጽጌ አቀፈችኝ። "እማዬ፣ እኔ የምሄደው ከገብረኪዳን ጋር ነው፣ ከሰዉ ጋር አይደለም።" ልጅ ናት። አይገባትም። አንድ ቀን ስትድር ይገባታል።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

የዳሱን ሸራ ነፋስ ወሰደው። ግማሹ የጉዲቱ ጣራ ላይ፣ ግማሹ የት እንደገባ እንጃ። ነገ ሠርግ ነው። አብተው የእድር ዳኛውን እግር ስሞ የእድሩን ድንኳን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ያንን አረንጓዴ ድንኳን፣ ከለቅሶ በቀር ውሎ የማያውቀውን። ጉዲቱ ሲተከል አይታ አማተበች።

"ምን ታደርጊዋለሽ፣ ጥላ ጥላ ነው" አልኳት። እኔም ግን በስውር አማተብኩ።

ጥር 18

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ጉዲቱና ልጆቿ፣ የጽጌ ሚዜዎች፣ የአብተው መሥሪያ ቤት ዘበኛ። ይኸው ነው። ወንበሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሞጆዎች ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እንባዬን ሰው እንዳያይብኝ ሽንኩርት መክተፍ ያዝኩ።

ያኔ ከጋሪ መቆሚያው በኩል ድምፅ ሰማሁ። እልልታ መስሎኝ ቢላዋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። እልልታ አይደለም። ዋይታ ነው።

አቧራው ውስጥ ሰው ይጎርፋል። በጋሪ፣ በእግር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ደረታቸውን ይደቃሉ። ወንዶቹ ከዘራ ይዘዋል። አንዳቸውንም አልጠራሁም፣ ሁሉንም ግን አውቃቸዋለሁ። የገበያዋ ሴትዮ። የአሮጊቷ ልጆች። ከፊት አቶ መርዳሳ፣ "እህቴን! እህቴን!" እያሉ። የማንን እህት? አልኩ በሆዴ። ለካ እኔን ነው! "ያቺ በየለቅሶው የምትደርሰዋ ሴት ደጅ የእድር ድንኳን ተጣለ" ተብሎ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ተወርቷል። አንዱ እሷ ናት ብሏል፣ አንዱ ባሏ ነው ብሏል።

አቶ መርዳሳ እኔን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ዓይኔ በሽንኩርቱ ቀልቶ ይፈሳል።

"አለሽ እንዴ! ማን ነው ታዲያ? ባልሽ ነው?"

አብተው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ ብቅ አለ። ከኋላ የነበረች ሴትዮ ጮኸች።

"ማንም አልሞተም" አልኩ። "ሠርግ ነው። ልጄን ልድር ነው። ሐዘን ላይ ናችሁ ብዬ፣ ነውር እንዳይሆን ነው ያልጠራኋችሁ..." ቢላዋዬን ከኋላዬ ደበቅኩ።

ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አቶ መርዳሳ ድንኳኑን አዩ፣ እኔን አዩ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ባጋ ገመዳን" አሉ።

ጉዲቱ ናት መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው። ከዚያ ሁሉም። አቶ መርዳሳ እየሳቁ፣ "አንቺ በለቅሶዬ እንኳን ደስ አላችሁ አልሽን፣ እኛም በሠርግሽ አለቀስንልሽ። ብድሩ ተመለሰ" አሉ።

"ይግቡ ልበል? ሐዘኑስ?" አልኩ።

"እኛ የወጣነው ለለቅሶ ነው። ለቅሶ ቤት ደጅ ደርሶ ሳይቀመጡ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።" አሉና ጎንበስ ብለው ገቡ። ሴቶቹ ደጃፉ ላይ ነጠላቸውን እያቃኑ ተከተሏቸው። ከመጨረሻ ዲንቄ፣ ከወንጂ፣ በሰፌድ ንፍሮ ተሸክማ። ወሬው እዚያ ድረስ ሄዷል። በሸንኮራ መኪና ተሳፍራ መጣች። "አንቺን ብቻሽን ላስለቅስሽ?" አለችኝ። አቅፌያት ሌላ ዙር ተላቀስን።

ስድስት ሰዓት ላይ ሞጆዎች የመኪና ጡሩምባ እየነፉ ደረሱ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው አጥር ላይ ተደግፏል። አቶ ተክለሃይማኖት ዙሪያውን አዩ፣ የቀላውን ዓይን ሁሉ አዩ።

"ምነው ይህ ሁሉ ሰው አለቀሰ?" አሉ በቀስታ።

"ጽጌ ስለምትሄድባቸው ነው" አለች ጉዲቱ፣ ዓይኗን ሳታሽ። "አይችሉም።"

አጎትየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እንዲህ የሚወደድ ቤተሰብ አላየሁም" አሉ። የሚቀመጡበት ግን የለም። አብተው እኔን እያየ፣ "አቶ ተክለሃይማኖት፣ ሰዉ ይቅርና ወንበር ታበድሩናላችሁ?" አላቸው።

ሠርገኛው የዲንቄን ንፍሮ ጠራርጎ በላው። ልጄ እየሳቀች ሄደች። እኔ በሳቅና በሽንኩርት መሃል... ከሰዓት እላፊ በፊት ድንኳኑ ተነቅሎ ለእድሩ ተመለሰ። ዳኛው "ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጅ የፈሰሰበት" አሉ።

ጥር 22

ቤቱ ጭር ብሏል። የጽጌን አልጋ አነጠፍኩ፣ እንደገና አነጠፍኩ። የገበያዋ ሴትዮ "ብቻሽን ትሆኛለሽ ብዬ" ብላ መጣች። ስሟ አበዛሽ ነው። ይኸው አሁን አወቅኩት።

የካቲት 6

ጧት ጡሩምባ ተነፋ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ጫማዬን ስፈልግ አብተው ከአልጋው ቀና አለ።

"ደግሞ ምን ልትድሪ ነው?"

ቆም አልኩ። እውነቱን ነው፣ የምድረው ልጅ የለኝም። የሚሞላ ዳስም የለኝም።

"ሰው ሞቶብኝ ነው" አልኩትና ወጣሁ።