ሰይድን ያስተማርኩት ነጥብ

መካነ ሰላም፣ ሐሙስ ጥር 16 ቀን 1966 ዓ.ም.

ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁትን የብሬል ሰሌዳ ዛሬ ዳይሬክተሩ ወሰዱብኝ፤ ነጥብ መውጊያውንም ጭምር። ይህን የምጽፈው በምስማር ነው፤ ወረቀቱ እየተቀደደ አስቸገረኝ።

በዚህ ማስታወሻ ስለ ረሃቡ በብሬል የጻፍኩትን ቃል በቃል ነገሩኝ፤ ገበያው ዳር ልጇን አቅፋ የምታቃስተውን ሴትዮ እንኳ አልተዉም።

"ረሃብ የለም ተብሏል። አንተ ደግሞ ያለ ዓይንህ ከየት አየኸው?"

"ሰማሁት፣ ጌታዬ" አልኩ።

በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ብሬል የሚያነብ የክፍል ጓደኛዬ ሰይድ ብቻ ነው። አምና ጣቱን ይዤ አንድ በአንድ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በዓይኑ እያየ ሲያጭበረብር እጁን መታ አድርጌው አብረን እንስቅ ነበር። ዓይናማው ነጥብ መማር የፈለገው ስለሚወደኝ መስሎኝ!

ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው መጣ።

"አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ፣ ጂኦግራፊውን ላንብብልህ?" ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

መጽሐፉን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"ወላሂ፣ ሰኞ እኮ ፈተና ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ሰኞ ፈተና ነው። ከእሱ ሌላ የሚያነብልኝ የለም።

መጽሐፉን ሰጠሁት።