ታደሰ ከደቡብ አፍሪካ የሰጠው ድምፅ

እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017፤ ሆሳዕና

አርብ ለስምንተኛ ክፍሎች ሴቶች የመምረጥ መብት ለማግኘት በየአገሩ ስንት ዘመን እንደታገሉ አስተማርኩ። አንዷ ተማሪ «እኛ ጋ ግን አልቋል አይደል ቲቸር?» ስትለኝ በሙሉ አፌ «አዎ» አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

ዛሬ የሰፈራችን እድር ድንኳን ይግዛ ወይስ ድስት ብለን ተሰበሰብን። የድስቶቹ ቂጥ ተበስቷል፤ ልቅሶ በመጣ ቁጥር በሊጥ እየደፈንን ነው ወጥ የምንሠራው። ለድስት እጄን ሳወጣ ሰብሳቢው ጋሽ ላምበቦ «ቲቸር፣ አባልነቱ በባልሽ በታደሰ ስም ነው። እስኪ ደውዪለትና እሱ ይምረጥ» አሉኝ። ታደሰ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው! ቀብር የምደርሰው እኔ፣ ወጥ የማማስለው እኔ።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ታደሰ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገደ ነበር።

«የቱ ድስት?» አለ። «እኔ ምኑን አውቄ! እሷን ጠይቋት እንጂ።» ዘጋው።

«ይኸው፣ እሷን ጠይቁ ብሏል» አልኩና እጄን እንደገና አወጣሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ጸሐፊው ከታደሰ ስም ፊት ለፊት «ድምፀ ተአቅቦ» ብሎ ጻፈ። ድንኳኑ በአንድ ሰው ብልጫ አሸነፈ።

ስወጣ ጋሽ ላምበቦ እስከ በር ተከተሉኝ። ይቅርታ ሊሉኝ መስሎኝ ቆምኩ።

«ነገ ልቅሶ ቤት ድስት የማጠቡ ተራ ያንቺ ነው። ከትምህርት ቤት አስፈቅደሽ በጊዜ ነይ።»

ለዚህስ ለታደሰ ይደወል ያለ ሰው የለም።